ከሮማ ሌላ አንድ ከተማ

ቦሌ፣ ጥር 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስመረት ሐዱሽ፣

ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ በረከቷ ያለሽበት አገር ድረስ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ትብለጽም ደህና ናት። ባለፈው እሑድ መገናኛ ሄጄ አይቻት ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ድምፅዋ እንደ ድሮው ነው። ቤት መኖሯን ያወቅሁት ጎረቤቷን ስትቆጣ ከአስፋልቱ ማዶ ሰምቼ ነው።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ። አየር ማረፊያው ልደታ ሳለ ጀምሬ የአውሮፕላን መቀመጫ ልብስ ስሰፋ ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ሳምንት አለቃችን አቶ ገብረዋሕድ አስጠራኝ። የተበላሸ ሥራ የተገኘብኝ መስሎኝ መቀሱን በእጄ እንደያዝኩ ገባሁ።

«ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ የአገልግሎት ትኬት ደርሶዎታል። የት መሄድ ይፈልጋሉ?» አለኝ።

አስቤውም አላውቅ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው የሚቀመጥበትን ስሰፋ እኔ አንድ ቀን ተቀምጬበት አልሄድኩም። አፌ ግን ቀድሞኝ «ሮማ» አለ። አንቺ ያለሽው እዚያ ነዋ። ባለቤቴ ገብረእዝጊ ነፍሱን ይማረውና ዛሬ ቢኖር፣ «የአጎቴ ልጅ የሐዱሽ ልጅ እያለች ሌላ አገር ምን ልትሠሪ?» ይለኝ ነበር።

የተሰጠኝ ፎርም ላይ «የሚጎበኙ ከተሞች» የሚል ሁለት መስመር አለ። አንዱ ላይ ሮማ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ባዶውን ቀረ። አብራኝ የምትሰፋው ዘርፌ አየችና፣ «ሰው ደብረ ብርሃን ሲሄድ እንኳ ጫጫን ሳያይ አይመለስም። ያን ያህል በረሽ አንድ ከተማ ብቻ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ከተማ አንቺ ምረጪልኝ። ዕረፍት የሚሰጠኝ ነሐሴ ላይ ነው፤ አሥራ አራት ቀን። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነውና የምበላውንም አስቢበት። ፎርሙ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መግባት አለበት። ከዚያ የመውጫ ቪዛው አለ። ዋስ የሚሆነኝ ጎረቤቴ ኣምደሚካኤል ነው፤ ቤቱን አስይዞ። «ትመለሻለሽ?» አለኝ አንድ ጊዜ። «እመለሳለሁ» አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ገንዘብ እንዳትልኪ። ሰው ካገኘሽ ግን የልብስ ስፌት መኪና መርፌ ላኪልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል።

ፀሐይነሽ መኩሪያ


ሮማ፣ የካቲት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፀሐይነሽ፣

እግዚአብሔር ከነሙሉ ቤትዎ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። እኛ በሰው ቤት የምንሠራ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነውና የምናርፈው፣ ፖስታውን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወጥቼ አንድ አደባባይ ላይ ተቀምጬ ደገምኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከቤተሰቤ ማንም መጥቶ አያውቅም። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።

ማደሪያ አያስቡ። የማስታምማት ሲኞራ ነሐሴ ላይ ከልጇ ጋር ወደ ባሕር ትሄዳለች፤ ክፍሌ ውስጥ እንዲያድሩ ፈቅዳልኛለች።

ስለ ሁለተኛው ከተማ እንዲህ አሰብኩ። ፊሬንዜ አለ፤ በባቡር ሩቅ አይደለም፣ ሥዕልና ሐውልት ለሚወድ ሰው ሳምንትም አይበቃው፤ ግን ደረጃ ብዙ ነው። ናፖሊ ባሕር አለው፤ ሕዝቡ እንደ መርካቶ እየጮኸ ነው የሚያወራው፣ ለጾም የሚሆን ምግብም እንደ ልብ ነው። ቬኔሲያ ደግሞ፣ እዚያ ቬኒስ የምትሉት፣ ውሃ ላይ የተሠራ ነው። አውቶቡሱ ጀልባ ነው። ታክሲውም ጀልባ ነው። እኔ ራሴ አላየሁትም፤ ሲኞራዬ ግን ስለሱ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

የወደዱትን ይንገሩኝ። ስለ መመለሱ ጉዳይም ከመጡ በኋላ ተቀምጠን እንነጋገራለን።

መርፌዎቹን በፖስታው ውስጥ በካርቶን ሰክቼ ልኬያለሁ። እናቴን፣ አደይን፣ ሳሙልኝ። ባለፈው የላኩት ያነሰው በምክንያት ነውና እንዳትቀየመኝ ንገሩልኝ።

አስመረት


ቦሌ፣ መጋቢት 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስመረት፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። መርፌዎቹ አንድም ሳይሰበር ደረሱ፤ ግማሹን ለዘርፌ ሰጥቼ አፏን አዘጋሁላት።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና ስለ ቬኒስ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ቤታቸውን ውሃ ላይ ከሠሩ እርጥበቱን ምን ያደርጉታል?» ገንዘቡ ስላነሰው ግን ምንም አላለችም፤ አንቺም አትጨነቂ።

በስፌት ክፍላችን የሦስቱ ከተሞች ነገር ሥራ አስፈቷል። አንዷ ፊሬንዜ ትላለች፣ ጫማ እዚያ ነው ብላ። ዘርፌ ናፖሊ አለች፤ እሷ መቼም ጩኸት ትወዳለች። አቶ ገብረዋሕድ እንኳ በበሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «ቬኒስ ነው እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው» ብሎን ሄደ። እኔም ልቤ ወደዚያ ነው። ደረጃ የለውም አይደል? ጀልባ ላይ ደግሞ ተቀምጦ ነው የሚኬደው።

ፎርሙ ላይ ቬኒስ ብዬ በእርሳስ ጽፌያለሁ። በእስክርቢቶ የምጽፈው አንቺ እሺ ስትይኝ ነው። ነሐሴ 3 ቀን እገባለሁ። ሲኞራሽ ባሕር ከሄደች አንቺም ዕረፍት ነሽ ማለት ነውና አሥራ አራቱንም ቀን አብረን ነን። እስኪ ምን እንደምናወራ ከአሁኑ አስቢ፤ እኔ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም።

ስለ መመለሱ የምንነጋገረው ነገር የለም። የኣምደሚካኤል ቤት ሦስት ልጆች የሚያድሩበት ነው።

ፀሐይነሽ


ሮማ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፀሐይነሽ፣

በሕማማት ስለምጽፍልዎ፣ ስለዘገየሁም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለትንሣኤው በሰላም ያድርሳችሁ።

የነሐሴውን ነገር ሳስበው ጥሩ አይመስለኝም። ሮማ በነሐሴ ባዶ ናት፤ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ሙቀቱም ከባድ ነው። ቬኔሲያም ሰው ይበዛበታል ይላሉ። ወደ ኅዳር ማዛወር ቢቻል ይሻላል። ካልተቻለ ደግሞ ሮማን ብቻ አይተው ቢመለሱ ምን ይመስልዎታል? አንድ ከተማን በደንብ ማየት ሁለቱን በጥድፊያ ከማየት ይሻላል። እኔም በዚያ ወር ሥራ ሊኖረኝ ስለሚችል ምናልባት የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው አብሬዎ መሆን የምችለው።

እንዳይቀየሙኝ።

አስመረት


ቦሌ፣ ግንቦት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአስመረት ሐዱሽ፣

እንደምን ከረምሽ። በዓሉን በደህና ዋልን።

ደብዳቤሽ አንድ ገጽ አልሞላም። ዕረፍቴ አይዛወርም፤ ክረምት ሥራ ስለሚቀንስ ነው የሚሰጠን። የሰው ቤት እንግድነት ማስቸገር እንደሆነ ደግሞ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ስላስደሰተኝ ራሴን ረሳሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የዘርፌ ወንድም ናይሮቢ አለ። ትኬቱ ለዚያም ይሆናል ብለውኛል። ፎርሙን እስከ ሰኔ አጋማሽ አራዝመውልኛልና ሮማን ሰርዤ ናይሮቢ እላለሁ።

ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ለእናትሽ «ነሐሴ ይሞቃል ብላለች» ብዬ ብቻ ነገርኳት። እሷ ግን ምን አለች መሰለሽ? «ልጄ እንግዳ አትመልስም። አንድ ነገር አለ።» ከዚያ ወዲያ ሲመሽም ሲነጋም የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እኔን ተይኝ፤ ግን ታመሽ ከሆነ፣ ወይም ከሥራሽ ወጥተሽ ከሆነ፣ አንድ መስመር ጻፊ። ለእሷ ስትይ።

ፀሐይነሽ መኩሪያ


ሮማ፣ ግንቦት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

የእናቴን ያህል ለማከብርዎ እትዬ ፀሐይነሽ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የምታመጣልዎት አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ በእጅዎ እንድትሰጥዎት ለምኛታለሁ። እባክዎ ለአደይ አያንብቡላት። ከዚህ በታች ያለውን ማለቴ ነው።

አልታመምኩም፣ ከሥራም አልወጣሁም። ልጅ አለችኝ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

አባቷ የእኛው አገር ሰው ነው። ልንጋባ ነበር። ሥራ ፍለጋ ስዊድን ሄደ፤ ከዚያ ሁለት ካርድ ላከ፣ ከዚያ ምንም። ሲሄድ እኔ ነፍሰ ጡር መሆኔን ያውቅ ነበር፤ ይህንን ልሸፍንለት አልፈልግም።

እዚህ በሰው ቤት የምታድር ሠራተኛ ልጅ ይዛ አትቀጠርም። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለመነኮሳት ነው የምንሰጠው። የኔዋ ፔሩጃ በምትባል ከተማ ነው ያለችው፤ ተራራ ላይ ናት፣ ከሮማ በባቡር ሦስት ሰዓት ግድም፣ መንገድ ላይ ባቡር ይቀየራል። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በማለዳ ተነስቼ እሄዳለሁ፤ ምሳ አብረን እንበላለን፣ አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። መነኮሳቱ ደጎች ናቸው። ግን ስመለስ በመስኮት አታየኝም። ትንሽ ሳለች ታለቅስ ነበር፤ አሁን ፊቷን አዙራ መጫወቻዋን ትይዛለች። ለቅሶው ይሻለኝ ነበር።

ሲኞራዬ ባሕር ስትሄድ አሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ይሰጠኛል። በዓመት ያቺ ብቻ ናት። ፔሩጃ አንዲት ባልቴት ቤት አንድ ክፍል እከራይና ልጄን አወጣታለሁ። አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን፣ የምትወደውን እቀቅልላታለሁ፣ ፀጉሯን እሠራታለሁ። እትዬ ፀሐይነሽ፣ በዓመት አሥራ አምስት ቀን ነው እናት የምሆነው። አሥራ አራቱንም ቀን አብረን ነን ሲሉኝ ደነገጥኩ። እነዚያን ቀኖች ለቬኔሲያ መስጠት አልቻልኩም። አይምጡ ማለትም አልቻልኩም። ስለ ሙቀት የጻፍኩት ለዚህ ነው። ደብዳቤው ሲሄድ አፍሬ ነበር፤ የርስዎ መልስ ሲመጣ ደግሞ የባሰ አፈርኩ።

ወደ ናይሮቢ በሰላም ይሂዱ። ስለ ልጅቷ አደይ ከሰው እንዳትሰማ ብቻ እለምንዎታለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ልነግራት ስንት ጊዜ ወረቀት ይዤ እንደተቀመጥኩ እግዚአብሔር ያውቃል። እሷ ግን ደብዳቤ የሚያነብላት ሌላ ሰው ነው፤ በሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

አስመረት


ቦሌ፣ ሰኔ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስመረት፣

አራት ገጽ ጽፈሽ የልጅቷን ስም አልጻፍሽም።

ይህን አስቀድሜ ልበልና ሰላምታዬ ይከተል፤ እንደምን አለሽ ልጄ? ሐኪም ያየው ሰው መስለሽ ታየሽኝ፤ የሚያመውን ቦታ ከተናገሩ በኋላ ቀለል ይላል።

ናይሮቢ ቀረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ፔሩጃ ብዬ በእስክርቢቶ ጽፌያለሁ። አቶ ገብረዋሕድ መነጽሩን አውልቆ፣ «ይህቺ ደግሞ የት ናት? ምን አላት?» አለኝ።

«ዘመድ አለኝ» አልኩት። ማኅተሙን መታው።

ቬኒስ ውሃው ላይ ይቆይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ሮማን ታሳዪኛለሽ፤ ከዚያ ሁላችንም ፔሩጃ ነን። አልጋችሁን አልነካም፤ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፊልኝ። ገላጣ ሜዳ ላይ ከከብት ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የትም እተኛለሁ። የማትፈልጉኝ ሰዓት ሲኖር ደግሞ ለብቻዬ ወጥቼ ከተማውን አያለሁ፤ ለዚያ አይደል የምመጣው።

አሁን የእናትሽን ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት በሃያ ሁለት ማዞሪያ በኩል ሁለት ታክሲ ቀይራ ቦሌ ድረስ መጣች። ከአስመረት ሰው እንደመጣ ማን እንደነገራት እንጃ። ተቀመጠችና «አንብቢልኝ» አለች።

ሰላምታውን አነበብኩላት። መሐሉን ዘለልኩና መጨረሻው ላይ ያለውን መልካም መልካሙን ከራሴ ጨምሬ አነበብኩ።

«ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ገለበጥሽው፤ አፍሽ ግን አልተናገረም» አለችኝ።

«የሥራ ጉዳይ ነው።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጤነኛ ናት። ማንንም አልበደለችም።»

እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ መርፌ ፍለጋ ተነሳሁ። በኋላ ነጠላዋን አጣፋች፣ «እሺ። ያላነበብሽልኝን ስትመለሺ ታነቢልኛለሽ» ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ ከዚያ በፊት አስቢበት። እኔ ያላንቺ ፈቃድ አንዲት ቃል አልተነፍስም።

አንድ ነገር ላኪልኝ። ልጅቷን አቁሚያትና በክር ለኪያት፤ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ አንድ ክር፣ ደረቷን አንድ ክር፣ ክንዷን አንድ ክር። ክሮቹን ላኪልኝ። ቁጥር አትጻፊ፤ እኔ በክር ነው የምሠራው።

ፀሐይነሽ


ሮማ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ ፀሐይነሽ፣

ስሟ ሣባ ነው።

ሦስቱ ክሮች እዚህ ውስጥ አሉ። ቀዩ ቁመቷ ነው፣ ነጩ ደረቷ፣ ሰማያዊው ክንዷ። ስለካት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ትመጣለች፣ የአውሮፕላን ልብስ ትሰፋለች ብዬ ነገርኳት። አውሮፕላን ልብስ ይለብሳል ወይ ብላ መነኮሳቱን ሁሉ ስትጠይቅ ውላለች።

አማርኛ አታውቅም። ትግርኛም አታውቅም። ከእኔ ጋር የምትሆነው በወር ሁለት እሑድ ነው፤ ያቺን ሰዓት ቃል በማስተማር ልጨርሳት አልሆነልኝም። ይህንን አስቀድሜ የምነግርዎ ሲያገኟት እንዳያዝኑብኝ ነው።

ለጉልበትዎ አይስጉ። ፔሩጃ ተራራ ላይ ብትሆንም በተራራው ሆድ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ደረጃ አለ፤ ሰው ቆሞ ደረጃው ራሱ ይወጣል። ሣባ እጅዎን ይዛ ልታስወጣዎት ከአሁኑ ወስናለች።

ነሐሴ 3 አውሮፕላን ማረፊያው እጠብቅዎታለሁ። ነጭ ሸሚዝ እለብሳለሁ። መቼም ስምንት ዓመት ነው፤ ላያውቁኝ ይችላሉ ብዬ ነው።

አስመረት


ሮማ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀሐይነሽ፣

በሰላም መግባትዎን አስተናጋጇ ነገረችኝ፤ ተመስገን። የፔሩጃው ክፍል ሰፋብኝ። ፍልሰታን የፈታንበት ሳህን እንኳ ለማጠብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ከሄዱ በኋላ የሆነውን ልጻፍልዎ። ሣባን ወደ መነኮሳቱ የመለስኳት እሑድ ነው። የሰፉላትን ቀሚስ ለብሳ ገባች፤ ማታ ለማስወለቅ ተቸግረው እንደነበር መነኩሲቷ ሲስተር ነገረችኝ። ስሰናበታት እንደ ሁልጊዜው ፊቷን ታዞራለች ብዬ ጨክኜ ነበር። አላዞረችም። በሩ ድረስ መጣችና አንድ የአማርኛ ቃል አለች፤ «ትመጣለች።» ለእኔ አልነበረም የምትናገረው፣ ለሲስተሯ ነው፤ እኔን በጣቷ እያሳየች። ሲስተሯ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ቃል ከየት አመጣችው? እኔ አላስተማርኳትም።

በመስኮትም አየችኝ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ስሄድ የጠየቀችኝ ስለ አያት ነው። የክፍል ጓደኛዋ አያቷ መጥታ ነበርና፣ «እኔስ ኖና አለችኝ?» አለች። አዎ፣ አዲስ አበባ አለችሽ አልኳት። «ታውቀኛለች?» አለችኝ።

እትዬ ፀሐይነሽ፣ ለአደይ ይንገሯት። በርስዎ አፍ መሆኑን አሁን አልፈራውም። ፔሩጃ የተነሣነውን ፎቶም ያሳዩአት።

አስመረት


ቦሌ፣ መስከረም 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስመረት፣ እና ለሣባ፣

አዲሱ ዓመት የምትገናኙበት ይሁን። እዚህ ለመስቀል ልጆች ችቦ እያሰሩ ነው፤ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም።

ስለዚያች ቃል ልንገርሽ። አንቺ ከእመምኔቷ ጋር ልትነጋገሪ ገብተሽ እኔና ሣባን አትክልቱ ውስጥ፣ በለሷ ሥር ትተሽን አልነበር? እዚያ ነው። የቀሚሷ ጫፍ ተተርትሮ ነበር፤ መርፌ ከነጠላዬ ነቀልኩና ልሰፋላት ስል ክሩ አልገባ አለኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ወሰደችና በአንድ ጊዜ አስገባችልኝ። ከዚያ የገባሽበትን በር እያየች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከሁሉ የሰማሁት «ማማ» የሚለውን ብቻ ነው። ግን የሚጠየቀው ምን እንደሆነ የማይገባው ሰው ይኖራል? «ትመጣለች» አልኳት። እሷም አለች። ጫፉን ሰፍቼ እስክጨርስ አሥር ጊዜ ያህል ተባባልነው። ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ ሣባም እኔን ዞራ አየችኝ። ልክ ነሽ የምትል ዓይነት አስተያየት ነበር።

አሁን የእናትሽን ልቀጥል። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት መገናኛ ሄድኩ። የግንቦቱን ደብዳቤሽንና ፎቶውን ይዤ ነበር። «ያላነበብኩልሽን ላነብልሽ ነው» አልኳት። በሩን ዘጋች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፤ አላቋረጠችኝም። ስለ መስኮቱ ያልሽው ጋ ስደርስ ብቻ እጇን አነሳች፤ ያንን ደግሜ አነበብኩላት።

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ወስዳ አየችው። እኔ ቁጣ ጠበቅሁ፤ ታውቂያታለሽ።

«አስመረትን አዲግራት ለእናቴ ትቻት አስመራ የሄድኩት የስድስት ወር ልጅ ሳለች ነው» አለችኝ። «የአንድ መሐንዲስ ቤት ነበር የምሠራው። ስድስት ዓመት። በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር የማያት። አንድ ጊዜ ስመጣ አክስቴ አለችኝ።» ፎቶውን ጭኗ ላይ አኖረችው። «ይህቺ እንኳ ማማ ትላለች።»

አንቺ ታውቂው ይሆናል፤ ለኔ ግን አዲስ ነበር። ሃያ ዓመት ተዋውቀን አንድ ቀን አንስታው አታውቅም።

እሑድ ጥቁር አንበሳ ካለው ቴሌ መነኮሳቱ ጋ የደወልንላችሁ ለዚህ ነው። ስልኩን አንቺና ሣባ ሰምታችሁታል፤ ያላየሽውን ልንገርሽ። መጀመሪያ እኔ የፈራሁት የምን ቋንቋ ያወራሉ ብዬ ነው። «አስመረት ታስተረጉምላችኋለች» ስላት ሰልፉ ውስጥ ቀድማኝ ቆመች። ተራችን ደርሶ ስልኩን ስትይዝ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለል አደረገች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ የመሐንዲሱ ቤት ጣልያንኛ ከአፏ ወጣ። እኔ ደንግጬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። የቴሌዋ ልጅ ወንበር አመጣችላት፤ «ይቀመጡ እናቴ» አለቻት። አልተቀመጠችም። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ ነው የምታወራው። በኋላ ነው የገባኝ። ያንን ቋንቋ በሕይወቷ ተቀምጣ ተናግራው አታውቅም።

መሐል ላይ ሣባ አንድ ነገር አለቻት፤ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሷ አልነገረችኝም። ሳቀች። ከዚያ በእጇ ወንበሩን ፈልጋ ሳበችና ቁጭ አለች። እስክትጨርስ ድረስ ተቀምጣ አወራች።

በአውቶቡስ ስንመለስ ልቧ ከእኔ ጋር አልነበረም። የረሳቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ እያወጣች በጣቷ ትቆጥራለች። ማንኪያ፣ ትራስ፣ ዝናብ፣ ቁልፍ፣ ካልሲ፣ ቦርሳ፣ «ቀስ በይ»፣ «ይሞቃል ተጠንቀቂ»። አንዳንዶቹ እኔም የማውቃቸው ናቸው፤ የእኛ ይመስሉኝ የነበሩ። ካዛንቺስ ስንደርስ ሠላሳ አልፋለች። ለሚቀጥለው ስልክ ነው የምታዘጋጀው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ግን ቆጠራውን አቆመች።

«የልጅ ልጅ በጣልያንኛ ምን ይባላል?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«በመሐንዲሱ ቤት አያት አልነበረችም» አለች። «ያንን ቃል ሰምቼው አላውቅም።»

እስከ መገናኛ ድረስ አሰበች፤ አልመጣላትም። ስለዚህ ቃሉን በእኛ ፊደል ጽፈሽ ላኪልን። በትልልቁ ጻፊው፤ ፊደል አስተምሪኝ ብላኛለችና በእሱ ነው የምንጀምረው።

ፀሐይነሽ